መካከለኛዋ መኪናና የሸዋረግ አሥራ አንድ በጎች

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ያላችሁ ካህናትና ምእመናን፣ ሸማኔና ፈታይ፣ አራሽና አስተማሪ፣ ሥራ ያለህም የሌለህም ጆሮህን አቅና! ከዛሬ ጀምሮ የመሐል ሜዳው ባና ነጋዴ ወንዳፈራሁ በእግሩ አይሄድም። በጭነት መኪና ጀርባ፣ በባና ክምር ላይ ተፈናጥጦ አቧራ አይቅምም። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ አይታጠፍም። መኪና ገዝቷል! ያውም መካከለኛ መኪና። አልሰማሁም የምትል ካለህ ጡሩምባዋ ከሞላሌ እስከ ራቤል ያሰማሃል፤ ከተነሣች።

ይህን አዋጅ ያወጀ መንግሥት የለም። ያወጀው ራሱ ወንዳፈራሁ ነው፤ ያውም በአፉ ሳይሆን በክላክሱ፣ አምና መስከረም ላይ፣ ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞሮ። በአራተኛው ዙር መኪናዋ ቆመች። ያን ቀን «ነዳጅ አልቆባት ነው» ተባለና ሁሉም አመነ። ደግ ሕዝብ ነው።

ወንዳፈራሁን ለማያውቀው ላስተዋውቅ። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጢሙ ገብስማ፣ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየሸማኔው ቤት ባና ሲሰበስብ፣ ያንን ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራውን፣ ውርጭ የማይበሳውን ወፍራም ልብስ አስሮ አዲስ አበባ ሲያደርስ ኖሯል። ሰኞ የተናገረውን ሐሙስ የሚፈጽም ሰው ነበር። የራቤል ሸማኔዎች «ወንዳፈራሁ ይመጣል» ከተባሉ ሰዓት አይጠይቁም ነበር፤ ውሻቸውን ብቻ ያስራሉ። ሀብቱ ይኸው ነበር፤ መታመን። ታዲያ መታመን ጎማ የለውም፣ አይታይም፣ ጎረቤት አያስቀናም። በአብዮቱ ጊዜ በየተበተነው ወረቀት ላይ «ንዑስ ከበርቴ» እየተባለ ሲወገዝ የኖረው ፍጡር በሥጋ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ፣ ወንዳፈራሁን መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ በወረደበት ጠዋት ቢያየው ይበቃው ነበር፤ አዲስ ኮት፣ አሮጌ ጫማ፣ በወገቡ ዙሪያ የታሰረ የሞላሌው ቤቱ ዋጋ።

«ጋሼ፣ ይህቺ መካከለኛ ናት» አለው ቴዎፍሎስ የተባለው ደላላ፣ የመኪናዋን ጣሪያ እንደ ወይፈን ሻኛ መታ መታ እያደረገ። «ለገጠር አታንስ፣ ለከተማ አትበዛ። ለቅሶ ይደርሱባታል፣ ሠርግ ያጅቡባታል፣ የኋላ ወንበሯን ሲያጥፉት ደግሞ ስድሳ ባና ትውጣለች።»

«ትበላሻለች?»

«እቺ? እቺ ትበላሻለች ካሉማ ፀሐይም ትበላሻለች!»

«ነዳጅስ?»

«ታሸተዋለች እንጂ አትጠጣውም።»

ወንዳፈራሁ በግ ሲገዛ ጥርሱን ፈልቅቆ የሚያይ፣ ላቱን በእጁ የሚመዝን፣ ወገቡን የሚዳስስ ሰው ነው። ባና ሲገዛ ፈትሉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ ስስ ቦታ ካገኘ ለባለቤቱ በጣቱ አሳይቶ፣ ዋጋ አስወርዶ ነው። የመኪናዋ ክዳን ሲከፈትለት ግን፣ ቤተ መቅደስ በስሕተት የገባ ምእመን ይመስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ሳይነካ አየ፣ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ አዘጋው። ሃያ ሁለት ዓመት የተማረው ብልጠት ሁሉ እዚያች ክዳን ሥር ተቀበረ።

የሞላሌው ቤት ሄደ። ባሕር ዛፉ ሄደ። ሰባ በጎቹ ሄዱ። የቀሩት አሥራ አንድ ጥቁር እናት በጎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የእሱ አይደሉም። የሚስቱ የሸዋረግ ናቸው። አባቷ ስትዳር ከሰጧት ከሁለት ጥቁር ግልገሎች የረቡ ናቸው። የጥቁር በግ ፀጉር ቀለም አይፈልግም፤ ተፈትሎ በቀጥታ በርኖስ ይሆናል፤ ሸማኔ ይሻማበታል። ሸዋረግ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ትሸጣለች፣ ከመኪናዋ ወዲህ ያ ቤት የሚበላው በዚያ ፈትል ነው። መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት ሸዋረግ ዞር ዞር ብላ አየቻትና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«የኔዎቹን እንዳትነካ።»

«ምን በወጣኝ!» አለ ወንዳፈራሁ፤ ሲል ከልቡ ነበር።

ከዚያማ መካከለኛዋ መኪና መካከለኛ መብላት ጀመረች። በመጀመሪያው ወር የመሐል ሜዳ ጠጠር ሁለት ጎማ ቀደደባት፤ ሃያ ባና በላች። በኅዳር የፊት እግሯ ኩሽኔታ እንደ አሮጌ በር መጮኽ ጀመረ፤ ዐሥራ ሁለት ባና። ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ስድስት፣ ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስምንት። ዘይቷን ስትቀይር የፈሰሰው ከገባው አነሰ፤ «የት ሄደ?» ቢል «ትጠጣዋለች ጋሼ» አሉት። ነዳጁን አሸትታ የምትተወው መኪና ዘይት ስትጠጣ ተገኘች። ነዳጁ ራሱ በማደያ የለም ሲባል በመንገድ ዳር በሃይላንድ ይሸጣል፤ በእጥፍ። ወንዳፈራሁ በብር ማሰብ ትቶ በባና ማሰብ ጀመረ። በባና ማሰቡ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ባና ማን እንደሠራው ያውቃል።

ከሁሉ የከፋው የቀን መጥፋቱ ነው። ለራቤል ሸማኔዎች «ሐሙስ እመጣለሁ» ይላል፤ ሐሙስ መካከለኛዋ አትነሣም። አርብ ትነሣለች፤ መንገድ ላይ ትተኛለች። ቅዳሜ በበሬ ተጎትታ ትመጣለች። የአዲስ አበባው ደንበኛው ሁለት ጊዜ ጠብቆ ሦስተኛውን ከሌላ ነጋዴ ገዛ። ሸማኔዎቹም ውሻቸውን ማሰር ተዉ። በእግሩ ሲሄድ ያልቀረ ሰው በመኪና ቀረ! አንድ የራቤል ሸማኔ፣ ግማሹ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ፣ በስልክ እንዲህ አለው፤

«ወንዳፈራሁ፣ ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ አባባ፣ መኪናዋ ናት።»

«እንግዲያው እሷን አስታመህ ሲሻልህ ና። ባናውን ለሚኒባሱ ሰጥቸዋለሁ።»

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ አዲስ በሽታ መጣ። ዳገት ስትወጣ ትግላለች፤ ከክዳኗ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ይላል። ደብረ ብርሃን ወዳለው መካኒክ፣ ኃይለ ኢየሱስ ወደሚባለው ጐልማሳ ተጐትታ ሄደች። ኃይለ ኢየሱስ የማይዋሽ መካኒክ ነው፤ ስለዚህም ደኻ ነው።

«ጋሼ፣ ራዲያተሯ አልቋል። ለጊዜው በብየዳ ልጠግነው፤ ግን መቀየር አለበት» አለና አረንጓዴ ፈሳሽ ሞላበት። «ይህ ደግሞ ውኃ አይደለም። የእናንተ አገር ውርጭ አለ፣ ይህ አይረጋም። እንዳይደፉት። ቢጐድል እንኳ ይደውሉልኝ።»

«ስንት ነው?»

ነገረው።

«ለውኃ?!»

«ውኃ አይደለም አልኩ እኮ ጋሼ።»

ወንዳፈራሁ ከፍሎ ተመለሰ። ሞላሌን እንዳለፈ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ።

ይኸኔ ከተማው መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ። «ዓይን ነው» አለ አንዱ። «ዓይን ካልሆነ እንዲህ ያለ መኪና ምን ያቆመዋል?» አለ ሌላው፣ ራሱ ዓይኑን ሳይነቅል። በአገሩ ልማድ አዲስ ንብረት ጸበል ይረጫል፤ መካከለኛዋም እንደ ገባች ተረጭታለች፤ ቀለሟ ላይ፣ መስተዋቷ ላይ፣ ጎማዋ ላይ። ወንዳፈራሁ ግን ተቀምጦ አሰበ። ሰው ራሱን ሲያመው ይጠመቃል። ሆዱን ሲያመው ግን ይጠጣል። የመኪናዋ በሽታ ደግሞ የሆድ ነው። ታዲያ ውጭ ውጭዋን መርጨት ምን ያደርጋል?

አትሳቅ። በየትኛውም ትምህርት ቤት ቢቀርብ የሚያልፍ ሐሳብ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ረስቷል።

ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በጾሙ መካከል፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ቄስ ኪዳነ ወልድ ዘንድ ሄደ።

«ለማን ነው?» አሉት ቄሱ።

«ለቤተሰብ ነው አባቴ። ለሰባት ቀን።»

ቀዱለት። እሱም ግቢው ገብቶ፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ቡሽ ፈትቶ፣ ያን ዋጋው አንጀት የሚያቃጥል አረንጓዴ ፈሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ደፋው፤ ቡሹን መልሶ ጸበሉን ሞላ። መኪናዋ ሱባኤ ገባች። ሰባት ቀን ሳትነሣ፣ ሳትነካ፤ ጠዋት ጠዋት ወንዳፈራሁ የጐደለውን እየሞላ፣ አባታችን ሆይ እየደገመ። ሸዋረግ ከደጃፍ ሆና እንዝርቷን እያሾረች ታየዋለች።

«አንቱ» ትለዋለች፤ አንቱ የምትለው ስትናደድ ብቻ ነው። «እኔ አምና ወገቤን ስታመም ጸበል ያመጡልኝ በሃይላንድ ነበር።»

«አንቺማ ትድኛለሽ» አለ።

እስከ ስድስተኛው ቀን ሰማዩ ደመናማ ነበር። በስድስተኛው ማታ ጠራ። መንዝ ውስጥ በታኅሣሥ ሰማይ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ባቄላ የዘራ ሁሉ ያውቃል። በሰባተኛው ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ፤ የውሻው ውኃ ከነሳህኑ ድንጋይ ሆነ። ወንዳፈራሁ ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ አማትቦ፣ መካከለኛዋ ውስጥ ገባና ቁልፉን አዞረ።

መጀመሪያ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ አጉረመረመች። ቀጥሎ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ «ቋ!» የሚል፣ አጭር። ከዚያ ዝም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ከሆዷ ሥር ጸበሉ ኮለል እያለ ግቢው መካከል ወረደ።

ኃይለ ኢየሱስ በማግስቱ በሚኒባስ መጣ። ከሥር ገባ፣ ከላይ አየ፣ በባትሪ አበራ፣ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብዙ ቆየ፤ እጁ ከጸዳ በኋላም ይጠርግ ነበር።

«ጋሼ፣ አረንጓዴው የት ሄደ?»

«ደፋሁት።»

«ምን ጨመሩበት?»

ወንዳፈራሁ መለሰ፤ ግን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስለነበር ሁለት ጊዜ መናገር ነበረበት።

መካኒኩ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። «ውኃ ሲረጋ ያብጣል ጋሼ። ውስጥ ሆኖ አበጠና የሞተሩን ዋና ብረት ሰነጠቀው። ይህ አይበየድም። ሌላ ሞተር ነው የሚያስፈልጋት።»

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ አላደረም። ቄስ ኪዳነ ወልድ ራሳቸው መጡ። መስቀል አሳለሙት፣ መኪናዋን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ።

«ለቤተሰብ ነው አላልከኝም?»

«ቤተሰብ ሆናለች እኮ አባቴ። ከቤት ከሁላችን በላይ የምትበላው እሷ ናት።»

«ጸበሉን ለመኪና ነው ብትለኝ ኖሮ፣ አንድ ነገር እነግርህ ነበር» አሉ ቄሱ፣ ኩታቸውን እየሰበሰቡ። «ውርጩንም የፈጠረው እሱ ነው እልህ ነበር። እኔ ራሴ ታኅሣሥ ላይ የጸበሉን ጋን በገለባ ሸፍኜ ነው የማሳድረው።»

እንግዲህ ይህን ነው የረሳው። ሃያ ሁለት ዓመት የብርድ ልብስ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ መኪናውን ባና ሳያለብስ አሳደራት።

ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ጤነኛ ሰው «በቃኝ» ይልና ያለችውን ብረት ለሚገዛት ሸጦ፣ ጀርባውን ለባናው አጐንብሶ ወደ ራቤል ያዘግማል። ወንዳፈራሁ ግን አልቻለም። ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን እህል የለ። ቤቱን የሸጠላት፣ ባሕር ዛፉን የቆረጠላት፣ ስሙን የከፈለላት ነገር ግቢው መካከል ቆማ ዶሮ ሲሰፍርባት እያየ «በቃኝ» ማለት፣ ያን ሁሉ በከንቱ ነው የሰጠሁት ማለት ሆነበት። ይህን ለማመን ደግሞ አቅም አነሰው። ለኃይለ ኢየሱስ ደወለለት፤ ለመነው።

«አንድ ያገለገለ ሞተር አዲስ አበባ አለ» አለው መካኒኩ ሳይወድ። «ሻጮቹ ቀብድ ካላገኙ ግን ከቅዳሜ ወዲያ አያቆዩትም። ቀብዱም ከተሰጠ አይመለስም። ዋስትና ደግሞ የለውም ጋሼ፤ ቢነሣ ተነሣ ነው። እኔን ካሉኝ ይተዉት።»

«ቀብዱ ስንት ነው?»

ሲነግረው ወንዳፈራሁ ዓይኑ በራሱ ወደ በጎቹ በረት ሄደ። ልክ የአሥራ አንድ በግ ዋጋ ነበር። የተቀረውንስ? የተቀረውን መኪናዋ ሠርታ ትከፍላለች!

ሸዋረግ በር ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር።

«ሸዋዬ…»

«ሸዋዬ ካልከኝ አንድ ነገር ሊጠፋ ነው።»

«ሞተር ተገኘ።»

«ደስ ይበልህ።»

«ለቀብድ… እስከ ፋሲካ ብቻ ነው። እመልሳቸዋለሁ። በእጥፍ እመልሳቸዋለሁ። ጥቁር ጥቁሩን መርጬ።»

እንዝርቷ ቆመ። ሸዋረግ ፈትሉን በጥንቃቄ ጠቀለለች፣ እንዝርቱን መሶቡ ላይ አስቀመጠች፣ ተነሥታ የበረቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ውሰዳቸው» አለች።

ወንዳፈራሁ ጆሮውን አላመነም።

«ውሰዳቸው እንጂ! ግን በእግራቸው አይሄዱም። ዘጠኙ አርግዘዋል። በመኪናህ ጫንና ውሰዳቸው።»

በጎቹ ወጥተው በመካከለኛዋ ጥላ ሥር ቆሙ። ወንዳፈራሁ ደግሞ በበጎቹና በመኪናዋ መካከል ቆመ። ሸዋረግም በጎቹን መልሳ አስገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ተቀመጠች፣ እንዝርቷን አነሣች። ነገሩ ያለቀ መሰላት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሸዋረግ ኪዳን ልታስደርስ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ወንዳፈራሁ የውጭው በር ሲዘጋ ሰማ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ክር ያልነካው ሰው፣ የገዛ ሚስቱን በረት እንደ ሌባ ድምፅ ሳያሰማ ከፈተ። አንዲቱ፣ ሆዷ የገፋው፣ አልወጣ አለች። ተሸከማት። እያለከለከ «አይዞሽ» ይላታል፤ ለማን እንደሚለው እሱም አያውቅም።

ገበያው ሲሞላ እሱ ከበግ ተራው ጫፍ ቆሞ ነበር። በግ ሁሉ ዋጋ ይጠየቃል፤ የገና በዓል ደርሷል። የእሱን ግን ማንም ዋጋ አልጠየቀም። በመንዝ የሰው በግ በጆሮው ይታወቃል፤ የሸዋረግ ደግሞ ግራ ጆሯቸው ላይ ሁለት ጊዜ የተበጣ ነው። ሰው ይቀርባል፣ አንዲቱን በላቷ ያዝ ያደርጋል፣ ጆሮዋን ያያል፣ እጁን ያነሣል።

«ጋሼ ወንዳፈራሁ፣ ሸዋረግ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ታማ ይሆን ብዬ ነው።»

«ደህና ናት አልኩ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ይሄዳል። ሌላው ይመጣል። «ሸዋረግ ደህና ናት?» አምስት ሰው፣ ስምንት ሰው፣ ዐሥራ ሦስት ሰው። ማንም ሌባ አላለውም። ሁሉም ስለ ሚስቱ ጤና ጠየቀው።

የሸዋረግን ፈትል የምትገዛው ጥሩሸዋ ደግሞ መጣች። ወገቧን ይዛ ቆመች፣ አሥራ አንዱንም በጣቷ ቆጠረች።

«እኔ የምለው ወንድሜ፣ ከነገ ወዲያ ሸዋረግ ምን ልትፈትል ነው? የመኪናህን ሽቦ?»

«ጥሩዬ፣ እስከ ፋሲካ ነው…»

«እሷ ታውቃለች?»

ወንዳፈራሁ ፊቱን ወደ በጎቹ አዞረ። ጥሩሸዋ ዘንቢሏን እዚያው ለጎረቤቷ ጥላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ሮጠች ማለት ይቻላል፤ በዕድሜዋ።

የወንዳፈራሁ ስልክ ጮኸ። ኃይለ ኢየሱስ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

«አለ በላቸው! አሁኑኑ በባንክ እልካለሁ በላቸው! በመድኃኔዓለም፣ አንድ ሰዓት ብቻ!»

ዋጋውን መጥራት ጀመረ፤ ማንም ሳይጠይቀው። ጠራ፣ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። ዘጠኙ እርጉዝ መሆናቸውን እየነገረ ባላረገዘ በግ ዋጋ አቀረባቸው፤ በዚያም ዋጋ የገዛው የለም። ዓይኑ ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት ይዘላል፤ አገሩን የማያውቅ፣ የጆሮ ብጥ የማያነብ፣ የሸዋረግን ጤና የማይጠይቅ አንድ ሰው ፍለጋ።

አንተን አየ።

አዎን፣ አንተን፤ ከአዲስ አበባ ለገና በግ ርካሽ ነው ተብለህ የመጣኸውን፣ መኪናህን መንገዱ ዳር አቁመህ፣ ቁልፏን በጣትህ እያሽከረከርክ የወረድኸውን አንባቢ። ወደ አንተ እየመጣ ነው፤ በጎቹን እየጐተተ። የሚጠራልህ የአንዱ በግ ዋጋ የገበያውን ግማሽ አይሆንም፤ ደስ ይልሃል። ከማዶ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል አንዲት ሴት ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወረደ በጥድፊያ ትመጣለች፤ ገና ሩቅ ናት፣ ሕዝቡም መንገድ ዘግቶባታል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እጅህን ወደ ኪስህ ሳትሰድ፣ ስንት ነው ሳትል፣ እባክህ፣ ለእሱ ስትል ባይሆን ለዚያች ሴት ስትል፣ በመጀመሪያ ስለ ሸዋረግ ጤና…